ረቂቅ ዕቅድ፦ ወላጆቻቸውን በኤች አይ ቪ ላጡ ልጆች የክረምት ፕሮግራም፣ ደሴ (ከማኅበሩ የስልክ ግሩፕ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኼው። ነሐሴ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ። ለልጆቹ ጨዋታ፣ ሥዕልና የትዝታ ደብተር (የወላጅ ትዝታ የሚጻፍበት)፤ አሳዳጊዎች ለብቻ ከነርሷ ጋር። ቦታ ሆጤ፣ ድንኳን ከቅሬው (ከእድሩ) በኪራይ። አስተያየት እስከ እሁድ። የአምናው እንዳይደገም።

የሸዋ በሩ፦ ዓርብ እንዳታደርጉት፣ ጁምዓ አለ። ዳቦውም የጾም ይሁን፣ ፍልሰታ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቅሬው ለኛ ያከራያል ብላችሁ ነው? ባለፈው ካስማ አጉድለን መልሰን!

የሸዋ በሩ፦ ያጎደለው ይታወቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ስም ጥራ።

አሳዳጊ፦ ቆይ፣ በለቅሶ ድንኳን ነው ልጅ የምታጫውቱት? የእህቴ ልጅ ድንኳን ሲተከል ካየ «ደግሞ ማን ሞተ» ብሎ አልጋ ሥር ነው የሚገባው።

የሸዋ በሩ፦ እትዬ፣ በዚሁ ድንኳን ሠርግም ይደገሳል እኮ።

አሳዳጊ፦ አንተ ሠርጉን አይተሃል፤ እሱ ያየው የእናቱን ነው።

ነርሷ፦ በድንኳን አትጨቃጨቁ። ዋናው የአሳዳጊዎቹ ክፍል ነው። እናቷ «አረብ አገር ሄዳለች» የተባለች ልጅ አለች፤ ከጂዳ ይደወላል ብላ የአክስቷን ስልክ አቅፋ ትተኛለች። ሄደች ከተባለ ደግሞ ማን ያስለቅሳት? መድኃኒት እየዋጡ ለምን እንደሆነ የማያውቁም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ለትምህርት የደረሰ ልጅ የራሱንም የወላጁንም እውነት ይወቅ ይላል፤ ለትንንሾቹ እንደ ዕድሜያቸው ቀስ እየተባለ። አሳዳጊው አፉን እንዲፈታ እናግዘው። ደብተሩንም ኡጋንዳ ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች ለልጆቻቸው ይጽፉት ነበር፤ እኛ ጋ ልጁ ይጻፈው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥሩ። የካስማው ሒሳብ ግን ይዘጋ።

የሸዋ በሩ፦ ሌባ ነህ እያልከኝ ነው? ወላሂ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ!

ጸሐፊ፦ አቦ ተዉ እንጂ! ሥዕል አስተምራለሁ ያለው ልጅስ?

አሳዳጊ፦ ከግሩፑ ወጥቷል።

የሪያዱ፦ አሁን ነው ያየሁት። ለአንድ ካስማ ይኼ ሁሉ? የራሳችን ድንኳን እንግዛ፣ ግማሹን እኔ እችላለሁ። ሲተርፍ እያከራየን ማኅበሩ ገቢ ያገኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ እደግ! ወንበርም ይጨመር፤ ያለ ወንበር ማንም አይከራየውም።

የሸዋ በሩ፦ ኮምቦልቻ ሸራ የሚሰፋ አውቃለሁ። ነገ ዋጋ አመጣለሁ።

ነርሷ፦ ከኮሚቴው ወጥተህ አልነበር?

የሸዋ በሩ፦ ለሸራው ነው።

አሳዳጊ፦ ነጭ ብቻ እንዳይሆን።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ርዕሱን «የድንኳንና የወንበር ግዢ» አድርጌዋለሁ። የልጆቹ «ልዩ ልዩ» ሥር ገብቷል።

ነርሷ፦ ደብተርና እርሳሱ ከየትኛው ሒሳብ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ይደርሳል። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው ብረት?