የገበጣ ሰርቨር፦ የሞተው ግንኙነት አዲሱን ይዞት ይጠፋል

ሰላም ለሁላችሁ። ገበጣን በኔትወርክ ለሁለት ሰው በሃስኬል (የፕሮግራም ቋንቋ) እየሠራሁ ነው። ሰርቨሩ ደሴ ነው፤ ሁለተኛው ተጫዋች ከኮምቦልቻ በሞባይል ዳታ ይገባል። መስመሩ በቲኤልኤስ 1.3 የተመሰጠረ ሲሆን ተጫዋቹን የምለየው ሲመዘገብ በሚሰጠው ባለ 32 ባይት የዘፈቀደ ቶከን (መለያ ኮድ) ነው። 12ቱ ጉድጓድና 48ቱ ጠጠር ሰርቨሩ ላይ ብቻ ናቸው፤ ክላየንቱ የሚልከው የጉድጓድና የተራ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ጠጠር መጨመር አይችልም። ይህ ክፍል በደንብ ይሠራል።

ችግሩ ዳታው ሲቆራረጥ ነው። የኮምቦልቻው ተጫዋች በዚያው ቶከን ተመልሶ ይገባል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ ከዚያ ድንገት ጠጠሮቹ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ይላሉ። የስህተት መልእክት የለም። ሎጉ እንደሚያሳየው፣ ንባብ ላይ ተንጠልጥሎ የቆየው የአሮጌው ግንኙነት ትሬድ (ግንኙነቱን የሚያስተናግደው የፕሮግራሙ ክር) ጊዜው አልቆ ሲሞት፣ ፋይናሊ (ሥራው በምንም ምክንያት ሲያበቃ የሚሮጥ ኮድ) ውስጥ ያለው ማጽጃ ይነሳና ቶከኑን ከቲቫሩ ማፕ (ትሬዶቹ ከሚጋሩት፣ ቶከንን ከግንኙነቱ ጋር ከሚያያይዘው መዝገብ) ይሰርዛል። የሚሰርዘው ግን አዲሱን ግንኙነት ነው፤ ቁልፉ አንድ ነዋ!

የመጠበቂያ ጊዜውን ወደ 20 ሰከንድ ባወርደው ረጋ ብሎ የሚያስብ ተጫዋች ተባረረ። አዲሱ ሲገባ አሮጌውን በኪልትሬድ (ትሬድን በሚያቋርጠው የሃስኬል ትእዛዝ) መግደልም አልፈታውም፤ ኪልትሬድ የሚጠብቀው ኤክሴፕሽኑ (የማቋረጫው ምልክት) እስኪደርስ እንጂ ማጽጃው እስኪጨርስ ስላልሆነ አንዳንዴ የአዲሱ ምዝገባ ከማጽጃው ይቀድማል።

ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን መለያ ቁጥር ሰጥቼ ማጽጃው በአንድ የኤስቲኤም ትራንዛክሽን (ሌላ ትሬድ መሃል በማይገባበት አንድ እርምጃ) ውስጥ ቁጥሩን አነጻጽሮ የራሱን ብቻ እንዲሰርዝ ባደርግ ይበቃል፣ ወይስ አዲሱን ከመመዝገቤ በፊት የአሮጌውን ትሬድ ማጽጃ እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለብኝ?