የአሜሪካ ኮሌጅ ሩጫ፦ የሯጩ ዕድሜ ይቆጠር ወይስ የሮጠበት ዘመን?

አባት ከአውሮራ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ውስጤን ያቃጠለኝን ጉዳይ ላቅርብና ተከራከሩበት። ልጄ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ይጨርሳል፤ ጎበዝ ሯጭ ነው። የምናናግራቸው አሠልጣኞች መልስ ግን አንድ ነው፦ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ፣ ለኮሌጅ አትሌቶች ክፍያን የፈቀደውን የፍርድ ቤት ስምምነት የተቀበሉ የዲቪዥን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን) ዩኒቨርሲቲዎች በአገር አቋራጭ ከ17 ሯጭ በላይ መያዝ አይችሉም። ከእነዚያ 17 ቦታዎች ጥሩ ጥሩዎቹን ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ 22 እና 23 ዓመት የሆናቸው፣ ካምፕ ውስጥ የበሰሉ ልጆች ሲይዟቸው እያየሁ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ገና አጥንቱ አልጠናም። እኔም አበሻ ነኝ፤ የወገኔን እንጀራ ለመዝጋት አይደለም። ግን የኮሌጅ ስፖርት የተማሪ ነውና የዕድሜ ጣሪያ ይውጣለት እላለሁ።

የአሰላ ልጅ፦
ጋሼ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ሕጉ ግን አሁንም ልቅ አይደለም። ተማሪው የትም አገር ይሁን ኮሌጅ ውስጥ በሙሉ ጊዜ ተማሪነት ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በዚያ ውስጥ አራት የውድድር ዘመን መሮጥ ይችላል። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ በኋላ የአንድ ዓመት ፋታ አለው። ከዚያ ወዲያ ኮሌጅ ሳይገባ ውጤት በሚመዘገብበት ውድድር ከሮጠ፣ በሮጠበት በእያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ አንዱ ይቀነስበታል። ሲገባም የመጀመሪያውን ዓመት ሳይወዳደር እየተማረ ያሳልፋል። ክለብ ውስጥ ሲወዳደር ቆይቶ በ23 ዓመቱ ለሚመጣ ሰው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ደግሞስ ጉዳዩ ዕድሜ ከሆነ ዩታ ስላለው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ለምን ዝም እንላለን? እ.ኤ.አ. በ2024 በወንድም በሴትም የአገር አቋራጩን ዋንጫ ወስዷል። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ለሞርሞን ቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ዓመት በሚስዮናዊነት አገልግለው የሚመለሱ ናቸው፤ ያ ጊዜ ከአምስቱ ዓመት አይታሰብባቸውም። ኮነር ማንትዝ ጋና አገልግሎ ተመልሶ ነው በተከታታይ ሁለት ጊዜ የአገር አቋራጭ ሻምፒዮን የሆነው። ኬኔት ሩክስ ዩጋንዳ ነበር፤ ለሜቻ ግርማ በወደቀበት በዚያ በፓሪሱ የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ብር ያገኘው እሱ ነው። ጎበዞች ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን የዩታው የ24 ዓመት ልጅ «የበሰለ»፣ የኬንያው የኤልዶሬት ልጅ ወይም የበቆጂው «ያረጀ» የሚባልበት ሚዛን አይዋጥልኝም።

አባት ከአውሮራ፦
ሚስዮናዊው ሁለቱን ዓመት ቤት ለቤት ሲዞር ነው የሚውለው። ተመልሶ ሰውነቱን እንደ አዲስ መሥራት አለበት። በቀን ሁለቴ ልምምድ ሲሠራ ከኖረ ሰው ጋር አንድ አታድርግብኝ።

ነርሷ ከሚኒያፖሊስ፦
እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። ግን ይህ ክርክራቸው የራሳቸውን የዕድሜ ጣሪያ ነው የሚያፈርሰው። ልዩነቱ ልምምድና ውድድር ከሆነ የሚቆጠረውም ውድድር ይሁን።

እኔ ኮሌጅ የገባሁት ከእኩዮቼ ብዙ ዘግይቼ ነው። እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ ሥራ ነው የያዝኩት፤ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነበረብኝ። የሮጥኩት ከዲቪዥን አንድ ቀጥሎ ባለው እርከን፣ በዲቪዥን ሁለት ነው። እዚያ የሚቆጠረው አሥር ሴሚስተር ነው፤ ቆጠራው የሚሄደው በሙሉ ጊዜ ተማሪነት በተመዘገብሽበት ሴሚስተር ብቻ ነው። ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ አልተቆጠረብኝም። ለኔ ከ18 ዓመት ልጆች ጋር መሮጥ ቀላል አልነበረም። ሌሊት ሠርቶ ጧት ኢንተርቫል መግባት ምን እንደሚመስል የሠራው ያውቀዋል። «ትልቅ ስለሆንሽ አሸነፍሽን» ያለኝ ልጅ አልገጠመኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላቸው ነበርኩ።

ሽማግሌ ከዲሲ፦
ልጆች፣ ይህ ጭቅጭቅ አዲስ አይደለም። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያመጣው አንድ ሕግ ነበር፦ የውጭ አገር ተማሪ ከ19ኛ ዓመት ልደቱ በኋላ በአገሩ ከተወዳደረ እያንዳንዱ ዓመት እንደ ኮሌጅ ዓመት ይቆጠርበት የሚል። አሜሪካዊውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1971 እዚሁ ዲሲ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቡድን በአፍሪካና በካሪቢያን ልጆች ዋንጫ በላ፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ ሕግ አላሟሉም ተብሎ ዋንጫው ተነጠቀ። ሃዋርድ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ፍርድ ቤቱም ያ የውጭ ተማሪ ሕግ አድሏዊ ነው ብሎ ጣለው። በ1974 ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። ዘጠነኛው መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ወጣ ብላችሁ ስታዩት የምታገኙት ያው ሃዋርድ ነው።

ሩጫውም ጋ እንደዚያው ነበር። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 የዋሽንግተን ስቴት ተማሪ ሆኖ በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር 26 ዓመቱ ነበር። ታንዛኒያዊው ሱሌማን ኒያምቡይ በቴክሳስ ኤል ፓሶ ሲነግሥ ከ25 በላይ ነበር፤ በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህ ሜትር ከኛው ምሩጽ ይፍጠር ቀጥሎ የገባው እሱ ነው። የምሩጽን ዕድሜማ አታንሱብኝ፤ ያኔም ሲያከራክር ነበር፣ ዛሬም ያከራክራል። ለዜጋም ለውጭ ሰውም እኩል የሚሠራ ሕግ የመጣው በኋላ ነው። የዕድሜ ጣሪያ የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ጣቱ ወደ ማን እንደሚቀሰር ስለማውቅ ነው የምናገረው።

አባት ከአውሮራ፦
ሽማግሌ፣ እኔ ጣቴን የቀሰርኩት ሰው ላይ አይደለም። ጣሪያው ለዩታውም ለበቆጂውም እኩል ይሁን ነው የምለው።

መምህር ከመቀሌ፦
ወንድሜ፣ እኩል የተባለው ሕግ እኛ ጋ ሲደርስ እኩል አይሆንም። አንድ ተማሪዬ 9ኛ ክፍል የገባው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ይከፈታል ስንል ጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። ተመልሶ ወንበር ላይ የተቀመጠው በ2015 ነው። አሁን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ውስጥ ሆኖ ነው። ሲጀመርም ከብት ጠብቆ ዘግይቶ ነው ትምህርት የጀመረው።

አንድ አሠልጣኝ ከአሜሪካ ጻፈለት። የመጣው ቅጽ የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛ ክፍል ውጤት ከነዓመቱ ይሙላ ይላል። የ9ኛው ግማሽ ዓመት ብቻ አለ። ቀጥሎ ያሉትን መስመሮች ባዶ ትተን ጎኑ ላይ «ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር» ብለን ጽፈን ማህተም አደረግንበት። ማህተሙም አዲስ ነው፤ የድሮው ከቢሮው ዕቃ ጋር አብሮ ጠፍቷል። የዲቪዥን አንድ ሕግ ደግሞ ፋታውን የሚቆጥረው ልጁ በተጨባጭ ከጨረሰበት ቀን ብቻ ሳይሆን በአገሩ ሥርዓት መጨረስ ከነበረበት ቀን ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይወሰዳል። ስለዚህ ልጁ ገና ክፍል ውስጥ እያለ ፋታው አልቆበታል። በዚያ ላይ ዕድሜ ብትጨምሩበት በሩን ጠርቅማችሁ ዘጋችሁ ማለት ነው።

የአሰላ ልጅ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አሁን አሁን የመወዳደሪያው ዓመት ቆጠራ ዕድሜን መነሻ ያደረገ ይሁን የሚል ሐሳብ ይነሳል። ዕድሜ በምን ይረጋገጣል? አገራችን ውስጥ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ገጠር የተወለደው የዛሬ የ20 ዓመት ልጅ ሲወለድ መዝገብ አልጠበቀውም፤ የልደት ካርዱ የወጣው ያስፈለገ ዕለት ነው። ዕድሜ መቀነስ አትሌቲክሳችን ውስጥ ያለ በሽታ መሆኑን ደግሞ ማናችንም አንክድም። የዕድሜ ጣሪያ ሲመጣ እውነተኛ ዕድሜውን የተናገረው ልጅ ቀርቶ ካርዱን ያሳሳተው ያልፋል። የእርስዎ ልጅ አጠገብ የሚሰለፈው ያኔም የ23 ዓመቱ ሰው ነው፤ ወረቀቱ ብቻ 19 ይላል። ውድድር ግን ዱካ አለው። የት ሮጠ፣ በስንት ደቂቃ ገባ፣ ማን አስመዘገበው የሚለው ተፈልጎ ይገኛል።

አባት ከአውሮራ፦
የወረቀቱ ነገር እውነት ነው፤ መልስ የለኝም። ግን «ተፈልጎ ይገኛል» ያልከውን ልያዝህ። ማን ነው የሚፈልገው? የክለብና የዞን ውድድር ውጤት ኢንተርኔት ላይ የማይወጣው ስንቱ ነው? አሠልጣኙ ራሱ አምጥቶ ራሱ እየመሰከረ ከቀጠለ የኔ ልጅ ያው ውጭ ነው። የዕድሜ ጣሪያውን ትቼ ልከራከር ካላችሁኝ፣ የሮጠበት ሁሉ ከአገሩ ፌዴሬሽን በደብዳቤ ይረጋገጥ፤ ክለብ ገብቶ ደመወዝ የበላውም ይለይ። ይህ ሳይሆን «ውድድር ይቆጠር» ማለት ለኔ ባዶ ወሬ ነው።

የአሰላ ልጅ፦
በዚህ እስማማለሁ። ደብዳቤውን ፌዴሬሽኑ እንዲጽፍ መጠየቅ ያለብን እኛው ነን።

ነርሷ ከሚኒያፖሊስ፦
መምህር፣ ስለ ልጁ አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚያው አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ በሙሉ ጊዜ ከተመዘገበ የዲቪዥን አንዱ አምስት ዓመት ከዚያ ቀን መሄድ ይጀምራል፤ በኋላ ቢያቋርጥም አይቆምለትም። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ከአሠልጣኙ ጋር ይነጋገር። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቢሮ አስወጡለትና ዩኒቨርሲቲው ልዩ ፈቃድ እንዲጠይቅለት አድርጉ። ዲቪዥን ሁለት ያሉትንም ይጻፍላቸው። ጋሼ፣ የርስዎም ልጅ ይጻፍላቸው፤ 17 የሚለው ቁጥር እዚያ የለም።