ሊስትን ወደ ቴክስት ፋይል ስጽፍ ስሞቹ ተጣብቀው ይወጣሉ (ፓይተን)

ጎበዜ_21፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ከተሞች» የሚባል ሊስት (ዝርዝር) አለኝ፤ ውስጡ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ስም በየራሱ መስመር እንዲጻፍ ነው የምፈልገው። ሊስቱን ወደ ፋይል ለሚጽፈው ትእዛዝ ለራይት ስሰጠው ታይፕኤረር (የዳታ ዓይነት ስህተት) ይላል። በራይትላይንስ ያለ ኤረር ያልፋል፣ ፋይሉ ሲከፈት ግን «ጎንደርሐዋሳድሬዳዋ» ነው። ይህ ኡቡንቱ ላይ ነው፤ ያንኑ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ሳስኬደው ዩኒኮድኢንኮድኤረር (ፊደሉን ወደ ኮድ መለወጥ አልተቻለም የሚል ስህተት) መጥቶ ፋይሉ ባዶውን ይቀራል። ምን ላድርግ?

ሸማ_ኮድ፦
ራይት የሚቀበለው አንድ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ብቻ ነው፤ ሊስት ሲሰጠው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። የራይትላይንስ ስም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ መስመር አይሰብርም፣ የተሰጠውን አከታትሎ ይጽፋል እንጂ። ስለዚህ መስመር መስበሪያውን «\ኤን» ራስህ ታስገባለህ (ትእዛዞቹን በፊደል የጻፍኳቸው ለንባብ ነው)፦

ዊዝ ኦፕን("ከተሞች.ቲኤክስቲ", "ደብሊው", ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8") አዝ ፋ:
    ፋ.ራይት("\ኤን".ጆይን(ከተሞች) + "\ኤን")

የመጨረሻዋን «\ኤን» አትተዋት። ጆይን አባላቱን ሲያገጣጥም መስበሪያውን በመሃላቸው ብቻ ነው የሚያስገባው፤ እሷ ከሌለች በሌላ ጊዜ በ«ኤ» ሞድ (የነበረውን ሳያጠፋ ከመጨረሻው በሚጨምረው) ስትቀጥልበት አዲሱ ስም ከመጨረሻው ጋር ይጣበቃል። ሊስቱ በጣም ረጅም ከሆነ ጆይን ሙሉውን ጽሑፍ ሜሞሪ ላይ ስለሚገነባ በፎር ሉፕ አንድ በአንድ ጻፍ።

ፊደል_ገበታ፦
የዊንዶውሱ ችግር ሌላ ነው። ኢንኮዲንግ (ፊደላት ፋይል ላይ የሚጻፉበት የኮድ ሥርዓት) ካልገለጽክ ፓይተን የሲስተሙን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ሲፒ1252 ነው፣ እሱ ውስጥ ደግሞ አንድም የግእዝ ፊደል የለም። ስለዚህ «ጎ» ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከፓይተን 3.15 በፊት ባሉት ሁሉ ኢንኮዲንጉን በየኦፕኑ ላይ ጻፈው፣ ስታነብም ጭምር።

ፋይሉ ባዶ የቀረው «ደብሊው» (የመጻፊያ ሞዱ) ገና ሲከፍት የነበረውን ስለሚያጠፋ ነው፤ ኤረሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቆየ ዳታ ያለበት ፋይል ከሆነ መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጻፍና ሲያልቅ በኦኤስ.ሪፕሌስ ተካው። ደግሞ ለዊንዶውስ ብለህ «\አር\ኤን» አትጻፍ። በቴክስት ሞድ ፓይተን «\ኤን»ን ራሱ ስለሚለውጠው ትርፍ «\አር» ይገባብሃል።

ጎበዜ_21፦
ሠርቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ሊስት ላይ ግን ጆይን «አይተም 3» ላይ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) አገኘሁ ብሎ ይቆማል። ፋይሉም በኤክሴል የሚከፈት ነው።

ሸማ_ኮድ፦
ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 4ኛው አባል ቁጥር ነው። ጆይን ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ አይለውጥልህም፤ «\ኤን».ጆይን(ማፕ(ኤስቲአር, ሊስቱ)) በል። ከዚያ በፊት ግን ሊስቱ ውስጥ «ነን» (የፓይተን ባዶ እሴት) መኖር አለመኖሩን አረጋግጥ፤ ኤስቲአር ዝም ብሎ ወደ ቃል ይለውጠዋል፣ ፋይሉ ላይ እንደ ስም ተጽፎ ታገኘዋለህ። በሊስት ፋንታ አንድ ስትሪንግ ከሰጠኸውም ኤረር የለም፦ ጎ፣ ን፣ ደ፣ ር እያለ አራት መስመር ይጽፋል።

ለኤክሴል ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ መለያ ምልክት የሚጨምር ዩቲኤፍ-8) አድርገው። ስታነበውም በዚያው ክፈት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ስም ፊት የማይታይ ምልክት ተለጥፎ ይመጣና ከ«ጎንደር» ጋር ስታነጻጽረው እኩል አይደለም ይልሃል።

ፊደል_ገበታ፦
ከአባላቱ አንዱ በውስጡ መስመር መስበሪያ ካለው፣ ለምሳሌ ባለ ሁለት መስመር አድራሻ፣ ሲነበብ ሁለት አባል ይሆናል። እንዲህ ላለው ጄሰን.ዳምፕ (ዳታን በጄሰን ቅርጽ ፋይል ላይ የሚጽፍ ትእዛዝ) ተጠቀም፣ ኢንሹር_አስኪን ፎልስ አድርገህ፤ ካልሆነ አማርኛው በሙሉ በ«\ዩ» ኮድ ነው የሚጻፈው።