ዳይፉኩ ሞቺ ፍሪጅ ሲያድር ለምን ይጠነክራል? ከዋዜማው ሠርቶ ማሳደርስ ይቻላል?

ሰብለ
ሰላም ለሁላችሁ። በጣፋጭ አዙኪ (ትንንሽ ቀይ ቦሎቄ መሰል ጥራጥሬ) የሚሞላውን የጃፓን ዳይፉኩ፣ ማለትም በሞቺ (በሚጣበቅ ሩዝ ሊጥ) የሚጠቀለለውን ጣፋጭ፣ ለጾም እንግዶች ማቅረብ ፈልጌ ነው፤ ወተትም እንቁላልም ቅቤም አይገባበትም። 100 ግራም የሚጣበቅ ሩዝ ዱቄት፣ 20 ግራም ስኳርና 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ደባልቄ ማይክሮዌቭ ውስጥ አበስለዋለሁ። ሲወጣ ደህና ይለጠጣል። ፍሪጅ ካደረ በኋላ ግን እንደ ጎማ ይጠነክራል፣ ሲነከስም ይሰነጠቃል። ስጠቀልለው እጅ ላይ ይለጠፋል፤ እንጆሪ ያስገባሁበት ደግሞ ውሃ ያንጠባጥባል። ስኳሩን የቀነስኩት በጣም እንዳይጣፍጥ ብዬ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ የእስያ መደብር ቅርቤ ነው። ምን ላስተካክል?

ዳዊት
ሰብለ፣ ተለጥጦ ከወጣ ዱቄቱ ትክክለኛው ነው። ያስቸገሩሽ የስኳሩ ማነስና ፍሪጁ ናቸው።

የሚጣበቀው ሩዝ ስታርች ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን (የሚያጣብቀው የስታርች ዓይነት) ብቻ ነው። ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለጠጣል። ሲቀዘቅዝ ስታርቹ እርስ በርሱ ተመልሶ ይያያዝና የጠጣውን ውሃ ይገፋዋል፤ ጥንካሬው ከዚያ ይመጣል። ይህ ነገር በጣም የሚፈጥነው ከዜሮ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ነው፣ ማለትም ልክ ፍሪጅ ውስጥ። ስኳር ውሃውን ይዞ ስለሚያቆይ ጥንካሬውን ያዘገያል። ስለዚህ ስኳሩ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም፣ ስትቀንሺው ልስላሴውን ትቀንሻለሽ። ጃፓኖች ለጣፋጭ የሚመርጡት ስኳር የበዛበትን ጊዩሂ የሚባለውን ሊጥ ነው። ለአዲስ ዓመት ዞኒ ሾርባ የሚያዘጋጁት ስኳር የሌለው ሞቺ ቶሎ ይደርቃል፤ እሱ ግን ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ ስለሚበላ ችግር የለውም።

ለ8 ፍሬ ልኩ ይህ ነው፦ 100 ግራም ዱቄት፣ 70 ግራም ስኳር፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ። ጣፋጭነቱ ከበዛብሽ ከመሙያው ላይ ቀንሺ እንጂ ከሊጡ አትንኪ።

ውሃውን ዱቄቱ ላይ በትንሽ በትንሹ እያፈሰስሽ እብጠቱን ሁሉ አሟሚ፤ ስኳሩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ600 ዋት ማይክሮዌቭ ክዳኑን ላላ አድርገሽ 1 ደቂቃ ተኩል፣ አውጥተሽ በእርጥብ ማማሰያ በደንብ ማሸት፣ እንደገና 1 ደቂቃ፣ ማሸት፣ መጨረሻ 30 ሰከንድ። ያንቺ 1000 ዋት ከሆነ ጊዜውን ወደ ግማሽ ገደማ አውርደሽ ቶሎ ቶሎ እዪው። ደቂቃውን ሳይሆን መልኩን እመኚ፦ ጥሬው እንደ ኖራ ነጭ ነው፣ የበሰለው ብርሃን የሚያሳልፍና የሚያብረቀርቅ ነው። ነጭ ነጠብጣብ ከቀረበት ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ሲጠቀለል ይቀደዳል፣ ቶሎም ይጠነክራል። ማይክሮዌቭ የሌለው ሰው በእንፋሎት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያብስለው፤ መሃል ላይ አንዴ ይማሰል፣ ክዳኑም ጠብታ እንዳይጥል በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል።

እጅ ላይ መለጠፉ የሊጡ ጠባይ ነው። ትሪ ላይ የበቆሎ ወይም የድንች ስታርች በደንብ ነስንሺ፣ ሊጡን ገልብጪበት፣ ላዩንም ነስንሺ። ሲሞቅ ይለጠፋል፣ ጨርሶ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጠርዙ አልጋጠም ይላል፤ ለብ ሲል ሥሪው። ስንዴ ዱቄት እንዳትነሰንሺ፣ ጥሬ ይቀራል። ስምንት ቦታ ቆርጠሽ ጠርዙን ከመሃሉ አሳሺው፣ መሙያውን አስቀምጪ፣ ጠርዙን ሰብስበሽ ቆንጥጪ፣ የተቆነጠጠውን ወደ ታች አድርገሽ አሳርፊው። ጠርዙ ላይ ስታርች ካለ አይጋጠምም፣ አራግፊው።

ሄለን
ስለ ዱቄቱ ልጨምር። ሺራታማኮ በውሃ ተፈጭቶ የደረቀ ስለሆነ ፍርክስክስ ይላል፤ ሊጡ ለስላሳና ለጥ የሚል ይሆናል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ሞቺኮ ደቃቅ ዱቄት ነው፣ ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ለጀማሪ ይበቃል። የታይላንዱ ኤራዋንም ይሠራል፤ አረንጓዴውን ከረጢት ያዙ። ቀዩ ከረጢት ተራ የሩዝ ዱቄት ነው፣ በምንም ዘዴ አይለጠጥም። ጆሺንኮ የሚል የጃፓን ዱቄትም ከተራ ሩዝ ስለሆነ ለብቻው ዳይፉኩ አይወጣውም። ሁሉም ግሉተን የለባቸውም።

የታሸገ ዳይፉኩ ለጾም የምትገዙ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ የወተት ዱቄት፣ የእንቁላል ነጭ ወይም ጄላቲን አለው።

ሰብለ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። እንጆሪውና ማሳደሩስ?

ሄለን
እንጆሪውን ውሃ የሚያስተፋው በዙሪያው ያለው ስኳር ነው። የተቆረጠ ወይም እርጥብ እንጆሪ ይብስበታል። ትንንሹን ምረጪ፣ ታጥቦ አንድ በአንድ በሶፍት ይድረቅ፣ ቅጠሉ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። አንኮው (የአዙኪው መሙያ) ጠንከር ይበል፣ 20 ግራም ገደማውን ስስ አድርገሽ አልብሺው። እንዲህም ሆኖ የዕለት ምግብ ነው፤ ጠዋት ተሠርቶ ማታ ያልቃል። ለዋዜማ አይሆንም።

አንኮ ብቻ ያለበት ግን ያድራል። በተሠራበት ሰዓት እያንዳንዱን በፕላስቲክ አጥብቀሽ ጠቅልለሽ ወዲያው ፍሪዘር አስገቢ። ፍሪዘር ውስጥ ውሃው ስለሚታሰር ጥንካሬው ይቆማል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ከመቅረቡ ሁለት ሰዓት በፊት ሳትፈቺው ከነፕላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ አውጪው። በፍሪጅ በኩል አቀልጠዋለሁ እንዳትይ፣ ያንኑ ጥንካሬ ታመጪዋለሽ። ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ደግሞ ተከድኖ አንድ ሌሊት ቢያድር ምንም አይሆንም።

ቤቲ
አዲስ አበባ ላለነውስ? የሚጣበቅ ሩዝ ዱቄት ካጣሁ የፎገራን ሩዝ ባስፈጨው ይሆናል? አዙኪም የለም።

ጋሽ ግርማ
ቤቲ፣ የፎገራ ሩዝ ለዚህ አይሆንም። አሚሎስ የሚባለው ሌላው ስታርች ስላለበት ሲበስል ገንፎ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝ ይፈረፈራል። መፈጨቱ ይህን አይለውጠውም፤ የሩዙ ዘር ራሱ ነው ልዩነቱ።

ዱቄቱ ጠፍቶ የሚጣበቀው ሩዝ በፍሬው ከተገኘ ግን የጥንቱን መንገድ ሂጂበት። ጃፓኖች ኡሱ በሚሉት ሙቀጫ ነው የሚወቅጡት፣ የእኛ ሙቀጫና ዘነዘና ሥራውን ይሠራል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያልነካው ይሁን፣ ሞቺ ሽታ ይስባል። 300 ግራም ሩዝ አጥበሽ ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ አጥልለሽ በጨርቅ ላይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በእንፋሎት አብስይ። አትቀቅዪው፤ ውሃ በዝቶበት ይላቀጣል። ትኩሱን ሙቀጫ ውስጥ ገልብጠሽ መጀመሪያ በዘነዘናው እየተጫንሽ እሺው፣ ፍሬው ሲያያዝ ነው የሚወቀጠው። ገና ከጅምሩ ከመታሽው ፍሬው ይፈናጠራል። ዘነዘናውን እየነከርሽ፣ ፍሬ እስኪጠፋ ውቀጪ፤ ከዚያ 100 ግራም ስኳር ሦስት ጊዜ ከፍለሽ ጨምሪ። ስኳሩ ሲገባ ሊጡ ይላላል፣ አትደንግጪ፣ እያሸሽ ሲሄድ ይመለሳል።

መሙያው አያሳስብሽ። ጃፓኖች ራሳቸው ሺሮአን የሚሉት መሙያ ከነጭ ቦሎቄ ይሠራል። 200 ግራም ነጭ ቦሎቄ ይደር፣ ልጣጩ ይውጣ፣ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቀል። በወንፊት አሳልፈሽ በጨርቅ ጭመቂው። የተጨመቀውን መዝነሽ 60 በመቶውን ያህል ስኳርና ቁንጥጫ ጨው ጨምረሽ በዝግታ እሳት አማስዪ። ማማሰያው የድስቱን ታች ሲጠርግ መንገዱ ክፍት ሆኖ ከቆየ ደርሷል፤ ሲቀዘቅዝ የበለጠ ስለሚጠነክር ከዚያ አታልፊ። 25 ግራም 25 ግራም አድቦልቡለሽ ፍሪጅ ውስጥ ማሳረፍ ይቻላል፣ ፍሪጅ የሚጎዳው ሊጡን ነው።

አዙኪ ያላችሁ ደግሞ መዘፍዘፍ አያስፈልጋችሁም። አንዴ አፍልታችሁ መራራውን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ቀቅሉ። ስኳሩ የሚገባው ፍሬው ሙሉ በሙሉ ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ፍሬው እንደጠነከረ ይቀራል።

ዮናስ
አይስክሬም ያለበትስ በዚሁ ሊጥ ይሠራል?

ዳዊት
ይሠራል፣ ውሃውን ወደ 180 ሚሊ ሊትር ከፍ አድርገው፤ ሊጡ ስስ ሆኖ ፍሪዘር ውስጥም ይነከሳል። አይስክሬሙን 30 ግራም አድቦልቡለህ ድንጋይ እስኪሆን አቀዝቅዝ። እዚህ ላይ ብቻ ሊጡ ጨርሶ መቀዝቀዝ አለበት፣ አለዚያ ያቀልጠዋል። አንድ በአንድ እያወጣህ ጠቅልለህ ወዲያው መልስ። የሎቴ ኩባንያ ዩኪሚ ዳይፉኩ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚሸጠው በዚህ መልክ ነው። ለጾም ከሆነ በኮኮናት ወተት የተሠራ አይስክሬም ተጠቀም።

ጋሽ ግርማ
አንድ ነገር እንዳይዘነጋ፦ ሞቺ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ጃፓን ውስጥ በየአዲሱ ዓመት አረጋውያን ታንቀው ሆስፒታል ይገባሉ፣ የቶኪዮ እሳት አደጋ መከላከያም በየዓመቱ ያስጠነቅቃል። ለሽማግሌዎች አራት አምስት ቦታ ቁረጡላቸው፣ ከሻይ ወይም ከውሃ ጋር ቀስ ብለው ያኝኩ። ለሕፃናት አትስጡ።