ጫቱን ተውኩ፣ መጠጡን ተውኩ፤ ሱቄስ?

የመለዋወጫው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ቅዱሳን። መርካቶ ሶማሌ ተራ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ትንሽ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለን። በብዛት የቪትዝና የኮሮላ ዕቃ ነው የምንይዘው፤ ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ።

ጌታን ከተቀበልኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጫት ቀርቷል፣ መጠጥ ቀርቷል። ማታ ከልጆቼ ጋር ራት እበላለሁ። ባለቤቴ ጉባኤ ፊት ቆማ ስትመሰክር ሰው ሁሉ እልል ብሏል። እኔም በዚህ ጌታን ማመስገን አይሰለቸኝም።

ሱቁ ግን እንደ ድሮው ነው የሚሠራው። ለማያውቅ ላስረዳ። መካኒክ ደንበኛ ይዞ ይመጣል። ደንበኛው ዋጋ ሲጠይቅ መካኒኩ ከኋላ ሆኖ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። በ2,800 ብር የምሸጠውን ፍሬን ሸራ «3,600» እላለሁ። ደንበኛው ይከራከራል፤ መካኒኩም ወገኑ መስሎ አብሮ ይከራከርለታል። መቶ ብር እንቀንሳለን፣ ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል። ማታ የመካኒኩን ድርሻ በቴሌብር እልካለሁ። ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ነው አልልም። እኛ ጋ ግን እንዲህ ነው።

በቅርቡ አንድ የራይድ ሹፌር መጣ፤ ልጅ እግር ነው። ብሩን ሁለቴ ቆጠረና «የነዳጄ ነበረች» ብሎ ሰጠኝ። የዚያን ዕለት ማታ በቤት ኅብረታችን ሮሜ 12 ተነበበ። «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» ሲባል ቀና ማለት አቃተኝ። ምሽቴ ተለውጧል፤ ቀኔ ግን አልተለወጠም።

ወንድሜ አማኝ አይደለም። «ሃይማኖትህን ሱቅ ድረስ አታምጣብኝ» ይለኛል። መካኒኮቹ ከቀሩ ገበያው ይቀዘቅዛል። ኪራይ አለ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለ። እባካችሁ «ጸልይበት» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ እየጸለይኩ ነው። ንግድ ውስጥ ያላችሁ አማኞች እንዴት ነው የምትኖሩት?

የቆርቆሮው ነጋዴ

ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ። የብዙዎቻችን ምስክርነት ጫትና መጠጥ ላይ ያበቃል። አንተ ከዚያ አልፈህ መጠየቅህ ራሱ የመንፈስ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ የግንባታ ዕቃ ነው የምሸጠው። እዚህም አናጺውና ፎርማኑ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። የረዳኝ ሉቃስ 3 ነው። ሕዝቡ፣ ቀራጮቹና ወታደሮቹ በየተራ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» አሉት። ሦስቱም መልስ ስለ ንብረትና ስለ ገንዘብ ነው። ሁለት ልብስ ያለህ አካፍል፤ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ። ለቀራጮቹ ደግሞ «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ»። ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። አንተም ሱቅህን መዝጋት የለብህም።

እኔ በየዕቃው ላይ ዋጋ ጻፍኩበት፣ በማርከር፣ ጎላ አድርጌ። ለባለሙያም ለባለቤትም አንድ ዋጋ ነው። ደንበኛ ላመጣልኝ ባለሙያ ከራሴ ትርፍ ላይ እሰጠዋለሁ፣ ደንበኛው እያየ። በዓይን መጠቃቀስ የለም። ደረሰኝም ላይ ጨክን። «ያለ ደረሰኝ ስንት?» የሚልህ አይጠፋም። ደንበኛ የሚከፍለው 15 በመቶ ቫት ግን በአንተ እጅ የሚያልፍ የመንግሥት ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ ላይ በጣም ከብዶኝ ነበር። ደህና ሥራ ያመጡልኝ የነበሩ ፎርማኖች ጥለውኝ ሄዱ። ቆይቶ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ራሳቸው እየጠየቁ መምጣት ጀመሩ፤ ግን የድሮው ትርፍ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ታማኝ ከሆንክ ትበለጽጋለህ የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። ላትበለጽግ ትችላለህ። ኖረህበት ካልከበደህ ግን ከእኔ የበረታህ ነህ።

የመካኒክ ባለቤት

ወንድሜ፣ መካኒኮቹን በሌባ ዓይን ብቻ አትያቸው። ባለቤቴ መካኒክ ነው። ሰው ለዕቃ ሦስት ሺህ ብር ሳያንገራግር ይከፍላል። ግማሽ ቀን መኪና ሥር ተኝቶ ለሠራው ሰው የእጅ ዋጋ አምስት መቶ ሲባል ግን «ለዚች?» ይላል። ድርሻ ከዕቃ ላይ መውሰድ የሚመጣው ከዚህ ነው። ልክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከየት እንደሚመጣ እንድታውቀው ነው።

ባለቤቴ ሲያምን የእጅ ዋጋውን ጨመረ። ደንበኛውን «ዕቃውን ራስህ ግዛ፣ የድሮውን ፈትቼ ልስጥህና አሳያቸው» ይለዋል። አንዳንዱ ተናዶ ሄደ። እኛም ልጆቹን ክፍያው ዝቅ ወዳለ ትምህርት ቤት አዛወርን። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። ዛሬ ግን የደንበኛ ስልክ ሲጠራ ፊቱ አይለዋወጥም፤ ያንን በዓይኔ አያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ዋጋ ከመለጠፍህ በፊት እያንዳንዱን መካኒክ ለብቻው አናግረው። ሳያውቅ ደንበኛ ይዞ መጥቶ አይፈር። እሱም የልጆች አባት ነው፤ ምናልባት አንተ የምታናግርበት መንገድ ነው ወደ ጌታ የሚያመጣው።

ተነሳሒ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ካላስቸገርኩ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ነገ ጠይቀሃል፣ ስለ ትናንቱስ? በኦሪት ዘሌዋውያን 6 ላይ የባልንጀራውን ገንዘብ የወሰደ ሰው አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ መሥዋዕቱን የሚያቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ዘኬዎስም ጌታ ቤቱ በገባ ዕለት ለበደለው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የንስሐ አባቴም የሰው ገንዘብ ሳይመለስ ንስሐው አልሞላም ይሉኛል። ባለቤቱን ማግኘት ካልተቻለ ለድሃ ይሰጣል። የምታውቀው ካለ ግን ለድሃ ሰጠሁ ብለህ አትለፈው። ያ የራይድ ልጅ ስልክ የለህም?

የመለዋወጫው ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። ስልኩ አለኝ፤ ከመምጣቱ በፊት ዕቃው መኖሩን ደውሎ ጠይቆኝ ነበር። የነገርኩት ዋጋ ስህተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተጨመረ መሆኑን እነግረዋለሁ። «በስህተት ነው» ብዬ ብመልስለት ሌላ ውሸት ነው።

ከወንድሜ ጋርም ተነጋገርን። «የሚጎድለው ከአንተ ድርሻ ከሆነ ሞክረው» አለኝ። እሺ ብያለሁ። እህቴ፣ እንዳልሽኝ ሁለቱን መካኒኮች ለየብቻ አናገርኳቸው። አንደኛው ስልኩን ዘጋብኝ። ሌላው ሳቀና «እስቲ እናያለን» አለ።

ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ አለ። መደርደሪያ ላይ ኮፒ ፍሬን ሸራ አለ፤ የመጣው በኦርጅናል ካርቶን ታሽጎ ነው። ብዙ ብር ነው የታሰረበት። ኮፒ መሆኑን እየተናገርኩ ልሸጠው?

የቆርቆሮው ነጋዴ

በራሱ ስም የመጣ ኮፒ ቢሆን ኮፒ ነው ብለህ በኮፒ ዋጋ ትሸጣለህ፤ ችግር የለውም። ይሄኛው ግን ካርቶኑ ራሱ ይዋሻል። አንተ እውነቱን ነግረህ ብትሸጠው ገዢው ለሌላ ሰው ኦርጅናል ብሎ ይሸጠዋል። ደግሞ ፍሬን ነው። ከእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርደውን ሰው አስበው።

የሐዋርያት ሥራ 19 ላይ የኤፌሶን አማኞች የአስማት መጽሐፋቸውን አቃጠሉ፤ ዋጋው ሲሰላ አምሳ ሺህ የብር ሳንቲም ሆነ። ሸጠው ገንዘቡን ለድሃ መስጠት ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። መጀመሪያ ለአቅራቢህ መልስ። ካልተቀበለህ ማንም እንዳይጠቀምበት አበላሽተህ ጣለው። ኪሳራውን በወንድምህ ላይ አትጣል፤ ድርሻህ ላይ በየወሩ ይቆረጥ። በውስጥ መስመር ስልኬን እልክልሃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሂሳብ መዝገብህን ይዘህ ና፣ በወር ስንት መሸከም እንደምትችል አብረን እንሥራው።