«ስርጸቱ ያበቃል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ የባዮሎጂ ማስታወሻ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ሞለኪውሎች ከበዙበት ወደ ሳሱበት ይሰርጻሉ። መጠናቸው እኩል ሲሆን ስርጸቱ ያበቃል።» ስርጸት ያለው በእንግሊዝኛ diffusion የሚባለውን ነው። ሞለኪውሎቹ ቀጥ ይላሉ ማለት ነው?

ዘግዕዝ፦ መጀመሪያ «ስርጸት» ራሱ ይታይ። ጸሎተ ሃይማኖት የደገመ ሁሉ «ዘሠረጸ እምአብ»ን ያውቃል። ሠረጸ ማለት ወጣ፣ በቀለ ነው። ከበዛበት ለሚወጣ ነገር ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም።

ቃል ወዳድ፦ በግዕዝ ልክ ነዎት፣ አማርኛው ግን ዞሯል። «ልቡ ውስጥ ሰረጸ» ስንል የምናየው መግባቱን ነው። እኔ «ስርገት» ባይ ነኝ።

የባዮሎጂ መምህር፦ «ስርገት» አይዋጥልኝም። ሰርጎ ገብ ሆን ብሎ ነው የሚገባው። ሞለኪውል አቅጣጫ አይመርጥም። ሙቀት እያንቀሳቀሰው ከጎረቤቶቹ ጋር እየተጋጨ ወዲያ ወዲህ ይላል። በአንዱ በኩል ብዙ ካለ፣ ከዚያ የሚወጣው ወደዚያ ከሚመለሰው ይበልጣል፤ በቃ ይኸው ነው። ኦክስጅን ከሳንባ የአየር ከረጢቶች ወደ ደም የሚያልፈው እንዲሁ ነው፤ ጎትቶ የሚያስገባው የለም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። ርቀቱ 10 እጥፍ ቢሆን ግን ጊዜው 100 እጥፍ ይሆናል። ትልቅ አካል ያለው እንስሳ ያለ ደም ዝውውር የማይኖረው ለዚህ ነው። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ በ1855 እ.ኤ.አ. የስርጸትን ሕግ ሲያወጣም ፍሰቱን ያሰረው ከመጠን ልዩነቱ ጋር ነው፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ፍሰቱ ይጨምራል።

ነባር አባል፦ «ስርጭት»ስ ምን አጠፋ? ከ«ረጨ» የመጣ ነው፤ የተረጨ ነገር ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም።

ዘግዕዝ፦ «ሰ»ዋ ከየት መጣች ታዲያ? ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ሥር አይሆንም።

ነባር አባል፦ «ተንቀጠቀጠ» ላይ «ን» ከየት እንደመጣች ይንገሩንና እኔም እነግርዎታለሁ።

ጠያቂ፦ ኧረ ጥያቄዬ! ይቆማሉ ወይስ አይቆሙም?

የባዮሎጂ መምህር፦ አይቆሙም። በሁለቱም በኩል እኩል ይተላለፋሉ፤ የጠፋው ብልጫው ነው። «ያበቃል» ተማሪ ያሳስታል፣ «ይመጣጠናል» ቢባል ይሻላል።

ቃል ወዳድ፦ «አበቃ» ሥሩ «በቃ» አይደል? ልዩነቱ በቃ፣ ሞላ ብሎ መውሰድም ይቻላል።

የባዮሎጂ መምህር፦ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንደዚያ አያነበውም።

ዘግዕዝ፦ ሁላችሁም በእሳቱ «ሰ» እየጻፋችሁ ነው። «ሥርጸት» በንጉሡ «ሠ» ነው። እሱ ካልተስተካከለ ሥሩ ላይ አንግባባም።