ሀምቡርግ 1892፦ የፍሳሽ መስመር እያላት ኮሌራ ለምን ጨረሳት?

ሰናይት፦ ሀምቡርግ ከ1842ቱ ቃጠሎ በኋላ በዊልያም ሊንድሊ ንድፍ ዘመናዊ የፍሳሽ መስመር ዘርግታለች (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ታዲያ በ1892 ወደ 8,600 ሰው በኮሌራ እንዴት አለቀባት? የፍሳሽ መስመር ብቻውን ሞት ይቀንሳል ማለት ይቻላል?

ዘሪሁን፦ አይቻልም። መስመሩ ቆሻሻውን ከቤት አውጥቶ ኤልበ ወንዝ ውስጥ ይደፋል፤ ከተማዋም ከዚያው ወንዝ ሳታጣራ ትጠጣ ነበር። ጎረቤቷን አልቶናን ተመልከቺ። የምትቀዳው ከሀምቡርግ በታች፣ ይበልጥ ከቆሸሸው ውሃ ነው፤ ግን በአሸዋ ታጣራለች። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ብቻ በሚለያዩበት ሰፈር እንኳ በሽታው የበረታው በሀምቡርግ በኩል ነበር።

ጀርሙን በዋናነት የሚይዘው ከአሸዋው በላይ የሚፈጠረው የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ውሃው መቸኮል የለበትም። ጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሮበርት ኮክ ለውሃው ያስቀመጠው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 100 ሚሊሜትር ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያም ከ100 እንዳይበልጥ፣ እያንዳንዱ ማጣሪያ ለብቻው እየተመረመረ። ማጣሪያው ሲደፈን ከላይ 1–2 ሴንቲሜትር ይፋቃል። እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚበላሸው፦ ሽፋኑ እስኪመለስ ድረስ የሚወጣው ውሃ መደፋት ሲገባው ወደ ቧንቧ ይለቀቃል።

መክብብ፦ ብርድም አለ። በ1892–93 ክረምት አልቶና አንዱን ማጣሪያ ለማጽዳት ስታደርቀው አሸዋው በረዶ ሠራ፤ በደንብ ያልተጣራ ውሃ አለፈና እሷም ትንሽ ወረርሽኝ ቀመሰች። ጣሪያ የሌለው ማጣሪያ ጣጣው ይሄ ነው።

ሀምቡርግ የራሷን ማጣሪያ የከፈተችው በግንቦት 1893 ነው። በዚያው ዓመት ሎውረንስ፣ ማሳቹሴትስም ከፈተች። በሁለቱም ከተሞች ከታይፎይድ ሌላ የሌሎች በሽታዎች ሞትም ወረደ ተባለ፤ ይህን ያስተዋሉት የሎውረንሱ መሐንዲስ ሚልስና የሀምቡርጉ ሐኪም ራይንከ የሚታወቁት በዚህ ነው።

ሰናይት፦ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ከትለርና ሚለር በ2005 ለአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ያወጡትን፣ ከሞቱ ቅነሳ «ግማሽ ያህል» የመጣው በንጹህ ውሃ ነው የሚለውን በጽሑፌ ልጥቀስ?

መክብብ፦ ብቻውን አትጥቀሺው። ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ሲፈትሹ ስህተት አግኝተዋል፤ ሲታረም በጠቅላላ ሞት ላይ የንጹህ ውሃ ድርሻ በጣም አነሰ። በታይፎይድና በሕፃናት ሞት ላይ ግን የማጣሪያው ውጤት ይታያል፤ እነሱን ለይተሽ አስቀምጪ። ማጣሪያው ከመከፈቱ በፊት የነበሩትን ዓመታትም ጨምሪ፤ ሞቱ አስቀድሞ እየወረደ ከነበረ የወተት ቁጥጥሩንና የምግቡን ሥራ ለአሸዋው ትሰጪዋለሽ።